አምስት በሽታ፣ አንድ ሰው፦ የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ማን ያሠልጥነው?

(ከዚህ በታች የምታነቡት ከኦስሎ፣ ኖርዌይ በሳተላይት ቴሌቪዥን የተላለፈ ሳምንታዊ ትንታኔ ሙሉ ቃል ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)

  ዛሬም የማነጋግራችሁ ከኦስሎ፣ ጋምለ ኦስሎ ከሚባለው ክፍለ ከተማ ነው።

ብዙዎቻችሁ ይህን ዝግጅት የምትከታተሉት ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ፓርቲዎቹና ስለ ኑሮ ውድነቱ ለመስማት እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ለየት ያለ ርዕስ ይዤ ቀርቤአለሁ። ርዕሱ የጤና ጣቢያ ነርስና የጤና መኮንን ሥልጠና ነው። በተለይ ስኳርም፣ ደም ግፊትም፣ ኩላሊትም፣ አስምም በአንድ ጊዜ ያለበትን ሰው እንዴት እንደሚከታተሉ የሚሰጣቸው ሥልጠና። «ይሄ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ የፖለቲካ ሳይንስ የተማረ ሰው ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒትም አላዝም። ነገር ግን አንድ መንግሥት ማንን እንደሚያሠለጥን፣ ምን እንደሚያስተምረው፣ ከሠለጠነ በኋላ ምን ከፍሎ የት እንደሚያሠራው የሚወሰነው በበጀት ነው። በጀት ደግሞ ፖለቲካ ነው። ስለዚህ ያገባኛል፤ እናንተንም ያገባችኋል።

ነገሬን ከመጀመሪያው በአጭሩ ላስቀምጠው። በአገራችን የጤና ባለሙያ የሚሠለጥነው በበሽታ በበሽታው ነው። ታማሚው ግን አንድ ሰው ነው። በዚህ ክፍተት መካከል ብዙ ሰው እየተጎዳ ነው። ክፍተቱን የመዝጋት ዕውቀትና ልምድ ከእኛው ዘንድ አለ። የጎደለው የሠለጠነውን ሰው መድኃኒትና ጊዜ ሰጥቶ፣ ደመወዙን አስተካክሎ፣ በቦታው የማቆየት ውሳኔ ነው።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት አሉ እንበል። ዕድሜያቸው 58 ነው። አዲስ አበባ ይኑሩ፣ ጎንደር ወይም ሐዋሳ፣ ለነገሩ ለውጥ የለውም። ከአሥር ዓመት በፊት ስኳር አለብዎት ተባሉ። ቀጥሎ ደም ግፊት ተጨመረ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከዚያም በፊት ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይወስዳሉ። ማክሰኞ ለስኳር ቀጠሮ አላቸው፣ ሐሙስ ለግፊት፣ በሦስት ወሩ ደግሞ ለሌላው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን በሽታ ይጠይቃል፣ የራሱን መድኃኒት ጽፎ ይሸኛቸዋል። ጉልበታቸው ሲብስባቸው ከሰፈር ፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝተው ይውጣሉ።

አሁን ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ዲክሎፌናክ ሕመም ያስታግሳል፤ ግን ደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የግፊት ክፍሉ ባለሙያ ልኬቱ ከፍ ብሎ ሲያገኘው ስለ ጉልበታቸው አይጠይቅም፤ አንድ ተጨማሪ ኪኒን ያዝዛል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚወስዱት ዶሉተግራቪር የሚባለው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ደግሞ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ እንዲል ያደርጋል። ኩላሊት ሲደክም ይኸው ሜትፎርሚን ራሱ ልክ ሊቀነስለት ይገባል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ማየት የሚችለው አራቱንም መድኃኒት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያየ ባለሙያ ብቻ ነው። እንደዚያ ያለ ባለሙያ ግን እናታችን አላገኙም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም ባለሙያ ሥራውን አላጓደለም፤ ሁሉም የየራሱን መመሪያ ተከትሏል። የተጎዱት ግን እሳቸው ናቸው።

ይህ የኢትዮጵያ ድህነት ብቻ የፈጠረው ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲንቲያ ቦይድ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ ስሌት አቅርበው ነበር። የ79 ዓመት አንዲት ሴት በሐሳብ ፈጠሩ። አምስት ሕመም ሰጧቸው፦ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፣ የአጥንት መሳሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም። ከዚያ እያንዳንዱን በሽታ በየመመሪያው ቢያክሙ ምን እንደሚፈጠር ቆጠሩ። ውጤቱ 12 ዓይነት መድኃኒት ሆነ። ከዚያም በላይ የአንዱ በሽታ መመሪያ ከሌላው ጋር የሚጋጭበት ቦታ ነበር። መመሪያዎቹ ሁሉ በየግላቸው ትክክል ናቸው፤ አንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ግን ሸክም ሆኑ።

ሁለተኛው ማስረጃ ከስኮትላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዘ ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት የ1.75 ሚሊዮን ሰዎችን የሕክምና መዝገብ መረመረ። ሁለትና ከዚያ በላይ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው 23 በመቶ ያህል ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ65 በታች ነው። የሽማግሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ደግሞም እጅግ ደሃ በሆኑት ሰፈሮች የሚኖሩ ሰዎች ይህ የተደራረበ ሕመም የሚጀምራቸው ሀብታም ሰፈር ከሚኖሩት ከ10 እስከ 15 ዓመት ቀድሞ ነው። ይህን ቁጥር ልብ በሉ። አንዱ በ65 ዓመቱ የሚደርስበትን ሌላው በ50 ዓመቱ ይደርስበታል፤ ልዩነቱ የኑሮ ነው።

ከስኮትላንድ ወደምኖርበት ሰፈር ልምጣ። ጋምለ ኦስሎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ግሮንላንድና ቶየን እዚህ ናቸው። በርበሬና ጤፍ የምንገዛው፣ ቡና የምንጠጣው፣ ለቅሶ የምንደራረሰው እዚህ ነው። ከተማዋ ውስጥ በምሥራቁና በምዕራቡ በኩል በሚኖሩ ሰዎች መካከል የዓመታት የዕድሜ ልዩነት እንዳለ የኦስሎ ባለሥልጣናት ራሳቸው አይክዱም። የእኛ ሰው ታክሲና አውቶቡስ እየነዳ፣ ሌሊት ቢሮ እያጸዳ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አዛውንት እያነሳና እያስቀመጠ ነው የኖረው። በወጣትነቱ የመጣው ትውልድ አሁን ሃምሳውንና ስድሳውን አልፏል። ስኳሩ፣ ግፊቱና ወገቡ አንድ ላይ መጥተዋል።

ኖርዌይ ለዚህ ምን አዘጋጀች? እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እያንዳንዱ ነዋሪ ቋሚ ሐኪም እንዲኖረው ተደርጓል፤ ፋስትሌገ የምንለው ማለት ነው። ጠቅላላ ሕክምና እዚህ አገር ከ1985 ጀምሮ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ስፔሻሊስት እንደሚባለው ሁሉ፣ የሰውን ሁለንተናዊ ጤና የሚከታተለውም ስፔሻሊስት ይባላል። ከ2017 ወዲህ ደግሞ በማዘጋጃ ቤት ሥር ለመሥራት አዲስ የሚገባ ሐኪም ወይ ስፔሻሊስት መሆን አለበት ወይ በሥልጠና ላይ ያለ። ሥልጠናው የሚሰጠው በዋናነት እዚያው ታማሚ እያየ ነው። ሐኪሞቹ በትንንሽ ቡድን ተሰባስበው፣ ልምድ ያለው መሪ ይዘው፣ ያስቸገራቸውን ታማሚ ጉዳይ እያነሱ ይወያያሉ። በዚያም አያበቃም፤ የጠቅላላ ሕክምና ስፔሻሊስት በየአምስት ዓመቱ ማዕረጉን ማደስ አለበት። አንዴ ተመርቄአለሁ ብሎ መቀመጥ የለም።

ኖርዌይን ገነት አድርጌ ለመሳል አይደለም። ፋስትሌገዎቹ ሥራ በዛብን ብለው ለዓመታት ጮኸዋል፤ ሐኪም ያጡ ማዘጋጃ ቤቶች ነበሩ። በአንድ ቀጠሮ አንድ ጉዳይ ብቻ አንሳ የተባለም ከመካከላችሁ ይኖራል። ሆኖም መሠረቱን ተመልከቱት። የሆስፒታሉ ስፔሻሊስት ልቡን ያያል፣ ሌላው ኩላሊቱን ያያል፣ ደብዳቤያቸው ግን ወደ አንድ ሰው ይመለሳል። ያ ሰው ሁሉንም ደብዳቤ አንብቦ «እኚህ ሰው ላይ የትኛው ይቅደም?» ብሎ እንዲወስን ሠልጥኗል። ሕጉም ይህን ይጠይቀዋል። አራትና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስድ ታማሚ ካለው፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ሁሉንም መድኃኒት አንድ በአንድ የመገምገም ግዴታ አለበት።

እኛስ ይህን መብት እንጠቀምበታለን? እዚህ ላይ ወገኖቼ እንነጋገር። ብዙዎቻችን ለፋስትሌገው ግማሹን ነግረን ግማሹን እንደብቃለን። ከአገር ቤት የመጣውን መድኃኒት አንነግረውም። ጠበል ስንጀምር ኪኒኑን ማቆማችንን አንነግረውም። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን የስኳር መድኃኒታችንን ሰዓት መለወጣችንን አንነግረውም፤ እሱም ካልሠለጠነ አይጠይቅም። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህ ነው። ቋንቋ ላልቀናው ደግሞ የ12 ዓመት ልጁን ይዞ እንዲገባ አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአስተርጓሚ ሕግ የመንግሥት አገልግሎት ሰጪዎች ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዝዛል፤ ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀምንም ይከለክላል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አገር ቤት እንሻገር። ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታው ተለውጧል። ለብዙ ዘመን የጤና ሥርዓታችን የተገነባው ለወባ፣ ለቲቢ፣ ለወሊድና ለሕፃናት ተቅማጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የአገሮች መረጃ ግን በኢትዮጵያ ከሚከሰተው ሞት 39 በመቶው ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ነው ብሎ ገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም። በባሕር ዳር ለሥር የሰደደ ሕመም ክትትል በሚመላለሱ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሁለትና ከዚያ በላይ በሽታ እንዳለባቸው አገኘ። አሮጌዎቹ በሽታዎችም አልሄዱልንም። ስኳር ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነው። አዲሱና አሮጌው በሽታ በአንድ ሰው አካል ላይ ተገናኝተዋል።

ይህን ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ማነው? ፕሮፌሰሩ አይደለም፤ የልብ ስፔሻሊስቱም አይደለም። የጤና ጣቢያው ነርስና የጤና መኮንን ናቸው። ስለዚህ የአገሪቱ የጤና ዕጣ የሚወሰነው እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚያውቁ፣ ምን ለማዘዝ እንደተፈቀደላቸው፣ መደርደሪያቸው ላይ ምን እንዳለ ነው።

«እኛ ይህን አንችልም» የሚል ካለ ታሪኩን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ዓላማው ምን ነበር? የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አንድ ላይ አሠልጥኖ፣ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ። ዛሬ ዓለም የቡድን ሥራ እያለ የሚያወራለትን እኛ ከ70 ዓመት በፊት ጎንደር ላይ ጀምረነው ነበር።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከጎንደርና ከጅማ ሆስፒታሎች የተነሳ ሌላ ሥራ አለ። የገጠር ታካሚ ለስኳር፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለልብ ሕመም ክትትል ረጅም የእግር መንገድ ተጉዞ ከተማ ይመጣ ነበር፤ ብዙው ተስፋ ቆርጦ ያቋርጣል። እንደ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከብሪታንያዊው ከሰር ኤልድሪድ ፓሪና እሳቸው ከመሠረቱት ድርጅት ጋር ሆነው ክትትሉን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አወረዱት። ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሠለጠኑ፤ የሆስፒታል ሐኪሞች እየሄዱ ያግዟቸው ነበር። ኢንሱሊን የሚወጋ ገበሬ በሰፈሩ አቅራቢያ ክትትል ሊያገኝ ቻለ። ይህ በወሬ ሳይሆን በሕክምና መጽሔቶች ላይ ታትሞ የሚገኝ የኢትዮጵያውያን ሥራ ነው።

ሦስተኛው ምስክር ኤች አይ ቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲጀመር ይህ ሕክምና በትልልቅ ሆስፒታሎች በሐኪም ብቻ የሚሰጥ ይመስል ነበር። ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ሰጡት። ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ስልክ ተደወለለት፣ ቤቱ ተሄደ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ሞት የተፈረደበት የሚመስለው ሰው ልጁን ድሮ የልጅ ልጅ አየ። ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሕመምን በጤና ጣቢያ ደረጃ መከታተል እንደሚቻል አስመስክረናል። ያ ሰው ዛሬ ግን ስኳርና ግፊት ይዞታል፤ ለኤች አይ ቪ የተገነባው ያ ሁሉ ሥርዓት ለስኳሩና ለግፊቱ አልተዘረጋለትም።

መንግሥትም ፈጽሞ አልሠራም ማለት አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች አጋሮች እገዛ፣ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ጀምሯል። በ2017 ደግሞ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለጤና ጣቢያዎች አንድ ወጥ የሕክምና መመሪያ አወጣ። መነሻው የደቡብ አፍሪካው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው መመሪያ ነው፤ ቦትስዋና፣ ናይጄሪያና ብራዚልም ተጠቅመውበታል። ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ባለሙያው በየበሽታው የተለያየ መጽሐፍ አያገላብጥም። ታማሚው ይዞት ከመጣው ምልክት ተነስቶ፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሕመሙን ሁሉ እያገናኘ ይሄዳል። ሥልጠናውም የታሰበው በሥራ ቦታ ነው። የጤና ጣቢያው ሠራተኞች አንድ ላይ ተቀምጠው፣ በአጭር ክፍለ ጊዜ፣ በታማሚ ታሪክ ላይ እየተለማመዱ፣ ደጋግመው ይማራሉ።

ይህን ከለመድነው ጋር አነጻጽሩት። አገራችን ውስጥ ሥልጠና ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል፣ የአምስት ቀን ስላይድ፣ ሻይ ቡና፣ በመጨረሻ አበልና የምስክር ወረቀት። በዚያ ሳምንት ጤና ጣቢያው ውስጥ ታማሚ የሚያይ ሰው ይጠፋል። ወር ሳይቆይ ሌላ ድርጅት ስለ ሌላ በሽታ ሌላ ሥልጠና ይጠራል። ባለሙያውን አልወቅስም፤ ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰው አበሉን ቢጠብቅ ምን ይገርማል? የምወቅሰው በበሽታ በበሽታው የተከፋፈለውን የገንዘብ አመጣጥና ይህን ዝም ብሎ የሚቀበለውን አመራር ነው።

ታዲያ ትክክለኛው ሥልጠና ምን ማስተማር አለበት? ከባለሙያዎቹ ከተማርኩት አራቱን ልጥቀስ። አንደኛ፣ ጥያቄውን መለወጥ። «ስኳርዎ ስንት ሆነ?» ከማለት በፊት «ከሁሉ በላይ የሚያስቸግርዎት ምንድነው?» ማለት። ምናልባት ለእናታችን ትልቁ ነገር የስኳር ቁጥሩ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ሄደው መቆም አለመቻላቸው ይሆናል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፤ የሚጨመረውን ብቻ ሳይሆን የሚቆመውንም መለየት። መድኃኒት ማቆም ከመጀመር የበለጠ ዕውቀት ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ስለ ሐሳብና ስለ ድብርት መጠየቅ። የስኮትላንዱ ጥናት አካላዊ ሕመም በበዛ ቁጥር የአእምሮ ሕመም አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል። ልጁን በጦርነት ያጣ አባት ግፊቱ ለምን አልወርድ እንዳለ በኪኒን ብቻ አይገለጽም። አራተኛ፣ ጾሙን፣ ጠበሉን፣ ዳማከሴውን፣ የቤቱን በጀት ሳይንቁና ሳይቆጡ መጠየቅ። የተቆጡት ታማሚ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዋሻል።

እዚህ ላይ ግን ሐቀኛ እንሁን። ሥልጠና ብቻውን ተአምር አይሠራም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ38 ክሊኒኮች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ በዚሁ ዓይነት መመሪያ ነርሶችን ማሠልጠን ችግር እንደማያመጣና ሊሠራበት እንደሚችል አሳየ። ነገር ግን የታማሚዎቹ ሕክምና እንደታሰበው በጉልህ አልተሻሻለም። በብሪታንያም በ2018 የታተመ ትልቅ ሙከራ ታማሚውን በየበሽታው ከመጥራት ይልቅ አንድ ላይ ማየት የሕይወት ጥራቱን በልኬት አላሻሻለም አለ፤ ታማሚዎቹ ግን እንደ ሰው መታየታቸውን ወደዱት። ይህን የምነግራችሁ ሥልጠናው አይጠቅምም ለማለት አይደለም። የሠለጠነ ሰው ጊዜ፣ መድኃኒትና የመወሰን ሥልጣን ካልተሰጠው ዕውቀቱ መጽሐፉ ውስጥ እንደሚቀር ለማሳየት ነው። መመሪያው አለ፣ ኢንሱሊኑ የለም ከተባለ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ነው።

አሁን ፖለቲካው ዘንድ ደርሰናል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ አቁመው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። መልሱ ምን ነበር? በርካቶች ታሰሩ። ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ የአሜሪካ መንግሥት ርዳታውን ሲያቆም በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎች ውል ተቋረጠ። ብዙዎቹ በኤች አይ ቪ ክትትል የተካኑ ነበሩ። ዕድሜ ልክ ለሚቆይ ሕመም ክትትል የሠለጠነ ሰው አገሪቱ ውስጥ ከነበረ እነዚህ ነበሩ። ወደ ስኳርና ግፊት ክትትል ሊሸጋገሩ ሲችሉ ተበተኑ። አንድ አገር በሌላ አገር በጀት ላይ የቆመ የጤና ሥርዓት ይዞ ሉዓላዊነት ቢያወራ ማን ይሰማዋል?

ጦርነቱንም አንርሳ። መቀሌ አይደር ሆስፒታል ኢንሱሊን አልቆበት ሐኪሞቹ የድረሱልን ጥሪ ያሰሙበትን ጊዜ ሁላችን ሰምተናል። አማራ ክልል ውስጥ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቀጠሮ ይታለፋል፣ መድኃኒት ይቋረጣል። ያ ገጠር ድረስ የወረደው የጎንደር ልምድ የተገነባው ሰው በሰላም ወጥቶ በሰላም በሚገባበት መንገድ ላይ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ተኩስ እስኪቆም አይጠብቅም።

ታዲያ እኛ በውጭ ያለነው ምን እናድርግ? መጀመሪያ በሻንጣ የምንልከውን እናስተውል። እናት ደወሉ፤ «ግፊቴ ጨመረ» አሉ። ልጅ ከዚህ መድኃኒት ገዝቶ በሚሄድ ሰው ላከ። ፍቅር ነው፤ ግን አደጋም አለው። ከዚህ የተላከውና ከጤና ጣቢያው የታዘዘው በስም ተለያይተው በይዘት አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እናታችን ሁለቱንም ይውጣሉ። ሻንጣው የማይመጣበት ወር ደግሞ ሁለቱም ይቀራሉ። የምትልኩ ከሆነ እዚያ የሚከታተላቸው ባለሙያ ይወቀው።

ሁለተኛ፣ ማኅበራት ገንዘብ ስታሰባስቡ ያገለገለ አልጋና ማሽን ብቻ አትላኩ። የአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ለተከታታይ ሦስት ወይም አራት ዓመት በሥራ ቦታቸው እንዲሠለጥኑ፣ ልምድ ያለው ሐኪም በየወሩ ሄዶ እንዲያግዛቸው፣ የሚሠራ የግፊት መለኪያና የስኳር መመርመሪያ እንዳይቋረጥባቸው አግዙ። እዚህ ያላችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የፋርማሲ ባለሙያዎች ደግሞ በኢንተርኔት በወር አንድ ሰዓት ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋር አንድ አስቸጋሪ ታማሚ ላይ መወያየት ትችላላችሁ። እዚህ አገር በቡድን የተማራችሁበት መንገድ ይኸው አይደለም?

ሦስተኛው ለራሳችሁ ነው። በዚህ ሳምንት የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውንም፣ ቅጠሉንም፣ ቫይታሚኑንም በአንድ ከረጢት ሰብስቡ። ኖርዌይ ያላችሁ ፋስትሌገ ጋ ደውላችሁ ዶበልቲመ፣ ማለትም ድርብ ቀጠሮ ጠይቁ፤ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋችሁ «እነዚህ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ ወይ? የሚቆም አለ ወይ?» በሉት። የማይሰማ ሐኪም ከገጠማችሁ በዓመት ሁለት ጊዜ የመቀየር መብት አላችሁ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ደብተር ያዙ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉበት። ማክሰኞም ሐሙስም የምትገቡበት ክፍል ያን ደብተር ሳያይ መድኃኒት አይጻፍላችሁ። ሥርዓቱ አንድ አድርጎ ካላያችሁ እናንተው ራሳችሁን አንድ አድርጋችሁ ቅረቡ።

ግን በዚህ ብቻ መንግሥትን ከተጠያቂነት ነፃ አናውጣው። የምርጫ ክርክር ሲመጣ፣ የወረዳ ስብሰባ ሲጠራ፣ ባለሥልጣን ኦስሎም ዋሽንግተንም መጥቶ ዲያስፖራውን ሲያነጋግር አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ስለ ፎቁና ስለ ኮሪደሩ ልማት ሲጨርስ ይህን በሉት፦ «በወረዳዬ ጤና ጣቢያ ስኳር፣ ግፊትና ኤች አይ ቪ ያለባትን አንዲት እናት በአንድ ቀጠሮ አይቶ መሸኘት የሚችል ባለሙያ አለ? ካለስ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ያገኘዋል ወይስ ተሰዶ ጎረቤቴ ሆኖ ታክሲ ይነዳል?»

የሚመልስ ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ።